ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ የታካሚን እጅ ከማሰር በፊት ሊደረግ ስለሚገባው የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የማስታወስና የማገናዘብ ችግር ያለባቸው ታካሚዎች በደም ሥራቸው የተሰካውን ካኑላ (ለመድኃኒት መስጫ ደም ሥር ውስጥ የሚቆይ አጭርና ቀጭን ፕላስቲክ) እንዳይነቅሉ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደሴ ሲሆን፣ የመርሳት በሽታ ያለባትን እናቴን ባለፈው ክረምት ለ11 ቀናት ሆስፒታል ውስጥ አስታምሜያለሁ። የሆስፒታሉን ስም የማልጠቅሰው ማንንም ለመክሰስ ስላልተነሣሁ ነው፤ በዚያ ክፍል 2 ነርሶች ሌሊቱን ሙሉ ለ30 ያህል ታካሚ ሲሯሯጡ በዓይኔ አይቻለሁና።

እናቴ የገባችው በሳንባ ምች ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ በመሆኑ በቀኝ እጇ ጀርባ ላይ ካኑላ ተሰካላት፤ ሲመሽ ግን ጥበቃው አስታማሚዎችን ሁሉ አስወጣ። ንጋት ላይ ስገባ ካኑላው ተነቅሎ ጋቢዋ በደም ርሶ አገኘሁት። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በ3ኛው ሌሊት ሁለት እጆቿ በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ታስረው አደሩ፤ የእጅ አንጓዋ ተልጦ፣ ድምጿም ከጩኸት ብዛት ሰልሎ ነበር። ስታየኝ «ልጄ፣ እሾሁን አውጪልኝ» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እናቴ በልጅነታችን ከእግራችን ስንት እሾህ በመርፌ እየነቀሰች ያወጣች ሴት ናት፤ እጇ ላይ የሚቆረቁር ነገር ስታገኝ የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍሯ ፈልቅቃ ማውጣቷ ለእሷ ትክክለኛ ሥራ እንጂ እልኸኝነት አልነበረም።

በ4ኛው ቀን፣ አዲሱን ካኑላ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቼ ስመለስ፣ አንዲት የቀን ተረኛ ነርስ ፋሻውን ፈታችው። መጀመሪያ የእናቴን ሆድ ከእምብርት በታች ዳሰሰችና ፊኛዋ ሞልቶ መወጠሩን አወቀች፤ ሽንቷ ሲወጣላት ግማሹ መቁነጥነጥ አብሮ ሄደ። የደሴ የክረምት ብርድ ደም ሥርን ስለሚያኮማትር ክንዷን በሞቀ ፎጣ ጠቀለለችላት። ካኑላውን ከአንጓና ከክርን አርቃ፣ ብዙም በማትጠቀምበት በግራ ክንዷ ላይ ሰካችው። መግቢያው ላይ ቆዳውን የሚያሳይ ፕላስተር ለጥፋ፣ ለማየት በቀላሉ የሚፈታ ለስላሳ ፋሻ ሳታጠብቅ ጠመጠመችበት፤ መድኃኒቱ የሚወርድበትን ቱቦ በረጅም እጅጌ ሥር ወደ ትከሻዋ አሳልፋ ከዓይኗ ሰወረችው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ቱቦውን ነቅላ ካኑላውን በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) አጥባ ትከድነው ነበር። እኔም በቀኝ እጇ መቁጠሪያዋን አስያዝኋት፤ ጣቶቿ ሥራ አገኙ። ሌሊት አጠገቧ እንድተኛ በዚያችው ነርስ ጥያቄ ተፈቀደልኝ። ያ ካኑላ መድኃኒቱ ወደ ኪኒን እስኪለወጥ ድረስ አልተነቀለም።

ይህ የአንዲት ነርስ ትዕግሥት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው የምጽፈው። ሽማግሌዎች ሲታመሙ የሚገጥማቸው ድንገተኛ የአእምሮ መዘበራረቅ ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባው ሕመም፣ የውሃ ጥማት፣ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን ወይም የእንቅልፍ ማጣት አለ፤ እጅ ማሰር ከእነዚህ አንዱንም አያክምም፣ መዘበራረቁን ግን ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ በታተመ፣ በአሜሪካ ኒው ሄቨን በተደረገ ጥናት 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 852 ታካሚዎች ተካተው ነበር። ያሉበትን ቦታና ጊዜ በማስታወስ፣ እንቅልፍ እንዲያገኙ በማድረግ፣ መነጽራቸውን በማቅረብ፣ በማንቀሳቀስና ውሃ እንዳያጥራቸው በመከታተል ከተረዱት መካከል መዘበራረቁ የደረሰባቸው 9.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 15 በመቶ ነበሩ። ከእነዚህ እርዳታዎች አብዛኛውን አንዲት ልጅ አልጋው ጎን ተቀምጣ ልትሠራው ትችላለች። በእኛ አገር አስታማሚ ሞልቷል፤ በመሸ ጊዜ በር ላይ የምንመልሰው እሱኑ ነው።

ስለዚህ ቢሮው ለክልሉ ሆስፒታሎች በጽሑፍ መመሪያ እንዲያወርድ እጠይቃለሁ። የማገናዘብ ችግር ያለበት ታካሚ ሲተኛ ይህ በካርዱ ላይ ይመዝገብ፤ 1 አስታማሚም ሌሊቱን አብሮት እንዲያድር ይፈቀድለት፤ ካኑላውን ስለመጠበቅም በአማርኛ ይነገረው። እንዲህ ያለው ታካሚ «አመመኝ» ብሎ ስለማይናገር፣ የተሰካበት ቦታ ማበጡና መቅላቱ ፋሻው እየተፈታ ቢያንስ በየ1 ወይም በየ2 ሰዓቱ ይታይ፤ የተሸፈነ ካኑላ ካልታየ መሸፈኑ ራሱ አደጋ ነው። በየዕለቱ የሐኪም ዙር ላይ «ይህ ካኑላ ዛሬም ያስፈልጋል ወይስ በአፍ መስጠት ይቻላል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ሳያስፈልግ የተተወ ካኑላ ለታካሚው የሚቆረቁር እሾህ፣ ለጀርም ደግሞ መግቢያ በር ነውና። እጅ ማሰር የግድ ከሆነም ሐኪም ምክንያቱንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርምበት፤ ቤተሰብም ይወቀው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ፋሻና ፕላስተር ነው፤ የነርስ ቁጥር ማነሱ ግን ራሱን የቻለ ችግር በመሆኑ መመሪያው ብቻውን እንደማይፈታው አውቃለሁ። በደቡብ ወሎ አንድ የተኝቶ ሕክምና ክፍል ተመርጦ ለ3 ወር ቢሞከርና የተነቀሉት ካኑላዎች ከሙከራው በፊትና በኋላ ቢቆጠሩ፣ ቢሮው ውጤቱን በራሱ መዝገብ ማየት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደሴ ከተማ ነዋሪና አስታማሚ

ግልባጭ፦ ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ፣ ደሴ