«ማረጋጊያ ክፍል» ስለምትሉት ዕቃ ቤት

ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ለልዩ ፍላጎት ክፍል ኃላፊ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በልጄ ላይ ስለደረሰው ጉዳትና ስለ እኔ በሪፖርት ስለተጻፈው ነገር ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

በልዩ ፍላጎት ክፍላችሁ የሚማር የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ስሙን ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ስለሚሄድ ስሙ በየቢሮው እንዲዞር አልፈልግም።

ልጄን ዕቃ ቤት ትቆልፉበት እንደነበር ያወቅኩት እሑድ ጠዋት ነው። ቡና ለማውጣት ጓዳ ገባሁ፣ ልጄም ተከትሎኝ ገባ። በሩን ነፋስ ገፋውና ድርግም ብሎ ተዘጋ። ልጄ ጮኸ። መሬት ላይ ቁጢጥ አለ፣ ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፈነና «ዝም ስትል ትወጣለህ! ቁጠር!» አለ። ድምፁ የእሱ አልነበረም። ቀጠን ያለ ነው፣ «ቁጠር» ላይ ይጎትታል። ከዚያ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃያ ሲደርስ እንደገና ከአንድ። ከሃያ በላይ አያውቅም። በሩን ከከፈትኩ በኋላም አላቆመም። ቡናው ሳይቆላ ዋለ።

ልጄ ፈጥሮ አያወራም። የሰማውን ይደግማል፣ ያውም በተናጋሪው ዜማ። ታክሲ ውስጥ አንዱ «ወራጅ አለ» ካለ፣ ማታ ሳሎናችን ውስጥም ወራጅ አለ። ባለሙያዎች ኢኮላሊያ ይሉታል። ሰኞ ጠዋት መጥቼ ስጠይቅ ግን የተሰጠኝ መልስ «እነሱ ዝም ብለው ነው የሚደጋግሙት፣ ትርጉም አይስጡት» የሚል ነበር። ትርጉም ባልሰጠው ኖሮ እስከ ዛሬም አላውቅም ነበር።

ልጄ የደገመው ድምፅ የማን እንደሆነ ከእናንተ ጋር ባደረግነው ስብሰባ ላይ ወዲያው ለየሁት። የረዳት መምህርቷ ነው። ስንት ልጅ ብቻዋን እንደምትይዝና ስንት እንደሚከፈላት ስለማውቅ ቅሬታዬ በእሷ ላይ አይደለም። ቁልፉን የሰጣችኋት እናንተ ናችሁ።

ክፍሉን ካላየሁ አልሄድም ስላልኩ አሳያችሁኝ። «ማረጋጊያ ክፍል» አላችሁኝ። መስኮት የለውም። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ተደራርበዋል፣ ጥግ ላይ መወልወያና የበረኪና ጀሪካን አለ። ከግድግዳው ወዲያ ጄኔሬተሩ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ማረጋጊያ ከሆነ መቀርቀሪያው ለምን በውጭ በኩል ሆነ? ይህን ስጠይቅ ማንም አልመለሰልኝም።

መጀመሪያ የገባበትን ቀን የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ። መጋቢት 24፣ የዓለም ኦቲዝም ቀን። ግቢውን በሰማያዊ ፊኛ አስጊጣችሁ፣ ስፒከር አመጣችሁ፣ እኛም ፎቶ ተነሳን። እኔ ከሄድኩ በኋላ ልጆች ፊኛዎቹን ማፈንዳት ጀመሩ። ልጄ ጆሮውን ይዞ ጮኸ። በሉካንዳ ቤት በር ስናልፍ እንኳ የመጥረቢያው ድምፅ የሚያስለቅሰው ልጅ ነው። ስትመዘግቡት በሞላሁት ፎርም ላይ «ድንገተኛ ድምፅ አይችልም» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። የድምፅ፣ የብርሃንና የንክኪ ስሜት መብዛት ወይም ማነስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አሜሪካኖቹ ባሳተሙት የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ተጽፏል። ጥጋብ አይደለም። እናንተ ግን በኦቲዝም ቀን፣ ኦቲዝም ስላለበት፣ ዕቃ ቤት ቆለፋችሁበት። ዝም ሲል ደግሞ ሠራ አላችሁና ደጋገማችሁት።

ዝም ያለው ስለተረጋጋ አልነበረም።

ከሚያዝያ ጀምሮ የሆነውን ልንገራችሁ። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሳል። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሽንት ቤት ብቻውን ይሄድ የነበረ ልጅ ሱሪው ላይ መሽናት ጀመረ። የሽንት ቤቱ በር እንዲዘጋ አይፈልግማ! ቃላቱን ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር። በጥር ራሱ የሚጠይቅባቸው ሠላሳ አንድ ቃላት ነበሩት፤ ከእነሱ ውስጥ ዛሬ «ውኃ»፣ «እማ» እና «በቃ» ቀርተዋል። የሰርቪሱ ክላክስ ሲሰማ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እናንተ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ በእነዚያ ሳምንታት የጻፋችሁት በየቀኑ አንድ ነው። «ጥሩ ዋለ»። ከጎኑ የሚስቅ ስቲከር ተለጥፏል።

አሁን ወደ ሪፖርታችሁ ልምጣ። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የታየው ለውጥ ሁሉ «የኦቲዝሙ ባህርይ» ነው ይላል። ሁለተኛው ገጽ ኦቲዝሙ ራሱ «በለጋ ዕድሜው ከእናቱ በመለየቱ ከደረሰበት ትራውማ የመነጨ ሊሆን ይችላል» ይላል። ትራውማ ማለት አእምሮ ላይ የሚቀር የድንጋጤ ጉዳት ነው። አንድ ላይ አንብቡት እስቲ። እናንተ ያደረሳችሁበት ጉዳት ኦቲዝም ተባለ። ኦቲዝሙ ደግሞ የእኔ ጥፋት ሆነ። ትምህርት ቤቱ የለበትም።

አዎ፣ ሁለት ዓመት ቤሩት ሠርቻለሁ። አልደበቅኩም። ግን የምርመራ ወረቀቱ ፋይላችሁ ውስጥ ነው፣ ቀኑን እዩት። ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረኝ ከመሄዴ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። የሄድኩትም ለዚሁ ነው፣ ለቴራፒ የሚከፈል ገንዘብ አጥቼ። እኔ ስሄድ በአያቱ ጀርባ ነበር፣ ስመለስም ከእሷው ጋር ነበር።

«ደንግጦ ነው»፣ «እርጉዝ ሆነሽ የሆነ ነገር አይተሽ ነው» ጎረቤቶቼም ብለውኛል። እነሱ ቢያንስ እንጀራ ይዘው መጥተው ነው የነገሩኝ። እናንተ ማኅተም አድርጋችሁበት ላካችሁት።

ኦቲዝም የእናት ጥፋት ነው የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፣ ጊዜው ያለፈበት ነው። ሊዮ ካነር የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሥራ አንድ ልጆችን መርምረው ስለ ኦቲዝም ሲጽፉ፣ ከወላጆቹ ብዙዎቹ ሞቅ ያለ ፍቅር የላቸውም የሚል ነገር ጣል አደረጉ። ከዚያ እናቶች በፍሪጅ ይመሰሉ ጀመር። ቺካጎ ውስጥ የስሜት ችግር ላለባቸው ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት ይመራ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም ደግሞ ባሰበት። ናዚዎች ያሰሩት ሰው ነበርና፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ከማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጋር አመሳሰላቸው። በዚያ ምሳሌ ጠባቂዋ እንግዲህ እናት መሆኗ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት እናት ልጇን አጥታ፣ ራሷን ስትረግም እንደኖረች አስቡት። ነገሩን መጀመሪያ በጽሑፍ ከተቃወሙት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፣ የኦቲስቲክ ልጅ አባትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዝ ውስጥ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። ከ11ዱ ፍጹም ተመሳሳይ ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከ10ሩ ተመሳሳይ ካልሆኑት በአንዱም እንዲያ አልሆነም። በአንድ ቤት፣ በአንድ እናት እጅ ያደጉ ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣው አብዛኛው ጥናት ከውልደት በፊት ወዳለው፣ በተለይም ወደ ዘር ነው ያመዘነው።

በስብሰባው ላይ አንዷ ባልደረባችሁ የሩማንያን ሕፃናት ጠቀሱ። እውነት አላቸው፣ ሌሊት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የሩማንያው መሪ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1989 ከወደቀ በኋላ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወጥተው እንግሊዝ ቤተሰብ የተሰጡ ልጆች ነበሩ። ይኸው ራተር ተከታተላቸው። አንዳንዶቹ ኦቲዝም የሚመስል ነገር ታየባቸው። ግን እነዚያ አልጋቸው ውስጥ እንደተኙ፣ የሚያቅፋቸውና የሚያናግራቸው ሳይኖር የከረሙ ናቸው። በእነሱም ቢሆን ራተርና ባልደረቦቹ «ኦቲዝም መሰል» ብለው ከኦቲዝም ለይተውታል፣ በአንዳንዶቹም ጥሩ ቤት ከገቡ በኋላ እየቀነሰ ሄዷል። የእኔ ልጅ አያት ይህን ብትሰማ ምን እንደምትላችሁ አልጽፍም።

በትራውማና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት የለም እያልኩ አይደለም። አለ። እናንተ የያዛችሁት በግልባጩ ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው ለትራውማ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፣ ሌላው ሰው ከቁብ የማይቆጥረውም ነገር ሊጎዳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከተጠየቁ 59 ኦቲስቲክ አዋቂዎች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከጉዳት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ምልክት ነበራቸው። አደጋ ወይም ጥቃት ያልደረሰባቸውም፣ ያ የሐኪሞች መመሪያ ትራውማ የማይለው ነገር የደረሰባቸውም ጭምር። ልጅ ሲሆን፣ አፍ ሲያንሰው ደግሞ፣ ማን ይናገርለት? እንቅልፉ ይናገራል። ሱሪው ይናገራል። የሚከታተለው ሐኪም የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «መቼ ጀመረው?» ኦቲዝሙን በሁለት ዓመቱ አይተነዋል። ይኼኛው የጀመረው ከመጋቢት 24 በኋላ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። «አልመታነውም» ብላችሁኛል። አውቃለሁ፣ ሰንበር የለበትም።

የምጠይቀው ይኸው ነው። ልጄ ዕቃ ቤት የገባበት ቀን፣ ለስንት ደቂቃ እንደቆየና ማን እንዳስገባው በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል። ካልመዘገባችሁም «አልመዘገብንም» ብላችሁ ፈርሙበት። መቀርቀሪያው ይነቀል፣ ለእኔ ልጅ ብቻ አይደለም፣ እዚያ ሌሎች ሰባት ልጆች አሉ፣ ወላጆቻቸውም እንዲነገራቸው እፈልጋለሁ። ከሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ስለ እኔ የተጻፈው ወጥቶ አዲስ ይጻፍ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ለዚህ ተርም የከፈልኩት 26,000 ብር ይመለስልኝ። ሌላ ሥልጠና፣ ሌላ ስቲከር፣ ሌላ የኦቲዝም ቀን አልጠየቅኩም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ሕጋዊ መንገዴን እቀጥላለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት መጥቼ ቦርሳውን፣ ሹራቡንና ቆርኪ የሚያጠራቅምበትን የብስኩት ቆርቆሮ እወስዳለሁ። ቆርኪዎቹ እንዳሉበት ይሁኑ፣ በቀለም ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ጥበቃው በር ላይ እንዳያቆመኝ ይነገረው። ልጁ አብሮኝ አይመጣም።

የተማሪው እናት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለወላጆች ኮሚቴ