እስከ ጳጉሜን ማብቂያ አዲስ መጽሐፍ አንገዛም

ውድ የንባብ ቡድናችን አባላት፣

ባለፈው እሁድ በተስማማነው መሠረት ከሰኔ 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ድረስ መጽሐፍ አንገዛም፤ የምናነበው ከየመደርደሪያችን ነው። እኔ ትናንት ማታ የራሴን አውርጄ ቆጠርኩ። ያልተነበቡት 43 ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ናቸው፤ መግዛቴን ረስቼ ለገሃር ካሉት ነጋዴዎች ደግሜ ገዝቼው ኖሯል።

ከሁሉም ያሳፈረኝ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን ልብ ወለድ አንብቤዋለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬበታለሁ! ለካ የማውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቼ ነው። ገጾቹን ሳልገልጣቸው ሐዘኑንም ሳቁንም በጆሮዬ ጨርሼዋለሁ። ከእናንተም መካከል የእኔ ቢጤ እንደማይጠፋ ስለምገምት የመጀመሪያው ወር ውይይታችን በእሱ ይሁን።

ያልጣመንን መጽሐፍ ግማሽ ላይ መተው ይፈቀዳል። መዋዋስም ይቻላል፤ የተዋሰ ግን ይመልስ (አንድ መጽሐፌ ከአንዳችሁ ቤት ከገባ አራተኛ ዓመቱን ይዟል)። ያላነበባችሁትን ቆጥራችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። ቁጥሩን ማሳነስ አይቻልም።