ፈረሴ ለምን ግድግዳ ጋ ሄደ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሚወዛወዝ የእንጨት ፈረስ ቤት ውስጥ ስለመስራት ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል ግን ግማሹን ገጽ የበላው የጭንቅላቱ ቅርፅና የጋማው ነገር ነው፣ ከስር ላሉት ሁለት ቅስት እንጨቶች የደረሳቸው "ጎበጥ አድርጋችሁ ቁረጡ" የምትል አንዲት መስመር ናት። እኔ እስካሁን ሁለት ፈረስ ሰርቻለሁ፣ አንዱ ማገዶ ሆኗል፣ ማገዶ ያደረገውም ይሄው ቅስት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጀመሪያውን ቅስት በአይኔ ገምቼ ነው የሳልኩት። አንዱን ቆርጬ ጨረስኩና እሱን ሌላው ጣውላ ላይ አስተኝቼ በእርሳስ ዞርኩት፣ መጋዙ እዚህም እዚያም ትንሽ ሳተ፣ ምን ችግር አለው በሳንድፔፐር ይስተካከላል ብዬ አለፍኩት። ልጄ ወጥታ መወዛወዝ ስትጀምር ፈረሱ ባለበት መወዛወዙን ትቶ እየዞረ እየዞረ ግድግዳ ጋ ደረሰ። እሷ በሳቅ ሞተች፣ እኔ አልሳቅኩም። ይባስ ብሎ ቅስቱን ከመጠን በላይ አጉብጬው ስለነበር ወደኋላ ስትለጠጥ ይዟት ሊገለበጥ ሲል ነው የያዝኳት።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ቅስቱ የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ነው በሉ። የዛ ክብ መሃል ከልጁና ከፈረሱ የጋራ የክብደት መሃል ከፍ ማለት አለበት፣ ያኔ ፈረሱ ሲያዘነብል ክብደቱ ራሱ ይመልሰዋል፣ ዝቅ ካለ ግን ያዘነበለው ጨርሶ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ሁለተኛው ፈረሴ መቀመጫው ከወለል 40 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ለሱ 1 ሜትር ራዲየስ ተጠቀምኩ፣ ክር በሚስማር አስሮ ጫፉ ላይ እርሳስ አድርጎ ካርቶን ላይ መሳል ነው በቃ። በጣም ካስረዘማችሁት ደግሞ ቅስቱ ጠፍጣፋ ይሆንና ፈረሱ አልነቃነቅ ይላል (ልጅ የማይነቃነቅ ፈረስ ላይ ሁለት ደቂቃ አይቆይም)። ከዛ ሁለቱን እንጨት በሞርሳ አንድ ላይ አስራችሁ በአንዴ ቁረጡ፣ ሳትፈቱም በሳንድፔፐር አለስልሱ፣ የሳተው ሁለቱም ላይ እኩል ከሳተ ፈረሱ አይዞርም። ጫፎቹ ከፊትም ከኋላም ፈረሱን አልፈው ይውጡ።

እና ደግሞ እንጨቱ ላይ የሚታዩትን መስመሮች እዩ። እግር ስትቆርጡ መስመሩ በእግሩ ቁመት ይሂድ፣ አግድም ከሄደ ልጅ ሲወጣበት ቀጭኗ ቦታ ላይ ጧ ይላል። ቅስቱን ከጣውላ ካወጣችሁት መስመሩ ጫፍ ጫፉ ላይ መቆረጡ ስለማይቀር እኔ ባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ (መስመራቸው እየተጣረሰ ከተጣበቁ ስስ እንጨቶች የሚሰራ ሰሌዳ) ሁለት ሁለት አድርጌ በኮላ አጣበቅኩ፣ እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም፣ ልጅ የፈረሱን ጆሮ መንከሱ ስለማይቀር ሊድ (መርዛማ ብረት) ሊኖርበት የሚችል የድሮ ቀለም ከጓዳ አውጥታችሁ እንዳትቀቡ። በተልባ ዘይት የምትጨርሱ ካላችሁ ግን ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፣ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት። ይሄ እናንተ ጋ ጭራሽ አልተነሳም።

በሚቀጥለው እትም ቅስቱን ከነልኬቱ ስላችሁ ብታወጡልን ጥሩ ነው፣ ጋማውን ልጆቹ ራሳቸው በክር ይሰሩታል።

አንባቢያችሁ