ስለ ተማሪዎች ውጤትና ስለ አትሌቶቻችን ታሪክ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ውጤትና የአትሌቲክስ ክበብን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የውጤት ካርድ በልጆቻችሁ በኩል ደርሷችኋል። ካርዱ ከተሰጠ ወዲህ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ከመጡ ወላጆች መካከል በርከት ያሉት፣ ውጤቱ ዝቅ ያለውን ልጅ ከአትሌቲክስ ክበብ እንድናስወጣላቸውና ጠበቅ አድርገን እንድንመክርላቸው ጠይቀውናል። በዚህ ምክር ውስጥ ዘወትር የሚጠራው የታላላቅ አትሌቶቻችን ስም ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ እየተነገረው፣ በሰርቪስ የሚመላለሰውና ጫማ ያልጎደለው ልጅ «አንተ ምን አጣህ?» ተብሎ ይወቀሳል። (በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኮቹ እውነት ናቸው፤ ልጆቻችንም ሊሰሟቸው ይገባል። ቅር የሚለን ግን መነሻቸውና መድረሻቸው ብቻ ተነግሮ መካከላቸው መቅረቱ ነው፤ ዛሬ ለተቸገረ ልጅ የሚጠቅመው መካከሉ ነውና።

አትሌት ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረች፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ሆነች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። በማግስቱ ዓመት የጉልበት ጉዳት ከውድድር አራቃት፤ በ1996 አትላንታ ላይ አራተኛ ወጥታ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች፤ በ1998 ልጅ ወለደች። በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ወርቁን ዳግም ስትወስድ ከባርሴሎና ስምንት ዓመት አልፎ ነበር፤ ይህ አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ ስምንተኛ ክፍልን የሚጨርስበት ጊዜ ነው። በአትላንታ ማግስት «አበቃላት» ብሎ የፈረደ ሰው ሲድኒን ብቻ ሳይሆን፣ በ37 ዓመቷ ያሸነፈችውን የ2009ኙን የኒው ዮርክ ማራቶንም አልጠበቀም ማለት ነው። እኛ ግን በአንድ መንፈቅ ዓመት ካርድ ላይ ተመሥርተን፣ የ12 ዓመት ልጅ ምን እንደሚሆንና ምን እንደማይሆን ለመወሰን ስንቸኩል እንታያለን።

ከሁሉ ይልቅ ግን እንድታስተውሉት የምንፈልገው የቀነኒሳ በቀለን የ2005 ዓመት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ፣ እጮኛው አትሌት ዓለም ተጫሌ ከእርሱ ጋር ልምምድ ላይ ሳለች በድንገት ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። በ2003 በ1,500 ሜትር የዓለም የታዳጊዎች ሻምፒዮን የነበረችው ዓለም ስታርፍ ገና 18 ዓመቷ ነበር። ቀነኒሳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቦስተን ላይ በቤት ውስጥ ውድድር ሲሰለፍ ዙር ተሳሳተ፤ አንድ ዙር እየቀረው የመጨረሻው መስሎት ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ሮጠና ተሸነፈ። በዓለም ላይ ዙር መቁጠርን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ በዚያ ቀን ሐሳቡ የት እንደነበር መገመት ግን አይከብድም። በመጋቢት ፈረንሳይ ውስጥ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአጭሩም በረጅሙም ርቀት አሸነፈ፤ በነሐሴ ሄልሲንኪ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ወር ብራስልስ ላይ በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ያስመዘገበው ክብረ ወሰንም 15 ዓመት ቆየ።

በየክፍሉ አባት ወይም እናት የሞተባቸው፣ ቤተሰባቸው የተለያየባቸው፣ በቤት ውስጥ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ተማሪዎች አሉን። እነዚህ ልጆች እስከ ትናንት በሚገባ የሚሠሩትን የሒሳብ ጥያቄ ዛሬ ይሳሳታሉ፤ መምህራኑም ምክንያቱን ካላወቁ ስንፍና አድርገው ይወስዱታል። አንዳንድ ቤተሰብ ሐዘንን ከልጅ መደበቅ ለልጁ የሚጠቅም ይመስለዋል፤ ከትምህርት ቤቱም አብሮ ይደብቃል። ልጁ ግን አስቀድሞ ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን።

ሌላም በግልጽ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ችግር በራሱ ሯጭ አያፈራም። ቢያፈራ ኖሮ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ የተማረ የገጠር ልጅ ሁሉ ሜዳሊያ ያጠልቅ ነበር። አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ እነ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው ከፍታዋና ብርዷ ስለረዷት ብቻ አይደለም፤ መምህር ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር ልጆቹን አይተው፣ ለይተውና አሠልጥነው ስላሳደጓቸውም ነው። አበበ ቢቂላም ቢሆን ያለ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን አይነሣም። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ እንግሊዝ አገር በታከመበት በስቶክ ማንዴቪል በቀስት ውርወራ መወዳደር የቻለው በዙሪያው ሐኪምና ወዳጅ ስለነበረው ነው። አስቡት፤ በሁለት ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እንደ ጀማሪ ሌላ ስፖርት ሲማር።

በእነዚህ ምክንያቶች የትምህርት ቤቱ አስተዳደር፣ ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ በዝቅተኛ ውጤት ምክንያት ብቻ ከአትሌቲክስ ክበብ እንዳይሰናበት ወስኗል። ውጤታቸው ያሽቆለቆለ ተማሪዎች ከልምምድ በፊት የማጠናከሪያ ትምህርት ይከታተላሉ፤ ልምምዱም ለሁለት ሰዓት ከነበረው ወደ አንድ ሰዓት ያጥርላቸዋል። ልጁን ጨርሶ ማስወጣት የሚፈልግ ወላጅ መብቱ ነው፤ ሆኖም አስቀድሞ ከክፍል ኃላፊ መምህሩና ከስፖርት መምህሩ ጋር አብሮ እንዲነጋገር በአክብሮት እንጠይቃለን።

በቤታችሁ ሐዘን፣ ሕመም ወይም ሌላ ልጁን የሚከብድ ነገር ሲያጋጥም ለክፍል ኃላፊ መምህሩ በቃልም ሆነ በጽሑፍ እንድታሳውቁ እንለምናለን። ዝርዝሩን መናገር አያስፈልግም፤ «ልጁ በዚህ ሰሞን ከብዶታል» የሚል ቃል ይበቃል። የተነገረንም ከመምህሩና ከርዕሰ መምህሩ አያልፍም።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር