ፊሊፒንስን ስትጠሩ ኢሎኢሎንም ጥሩ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በዓምዳችሁ የወጣውን ስለ ትምህርት ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ልጆቻችን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በእንግሊዝኛ ብቻ ይማሩ ባይ ናቸው። ምስክር አድርገው የጠሩት ፊሊፒንስን ነው። ፊሊፒኖች በእንግሊዝኛ ስለተማሩ አረብ አገር ከእኛ ልጆች የተሻለ ይከፈላቸዋል ይላሉ።

እኔ የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። አረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርቼ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ከሰባቱ አምስቱን ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር አንድ ክፍል ኖሬያለሁ። ተደራራቢ አልጋ ነው፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። አገሯ ሳለች የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። የመምህር ደመወዝ አልበቃ ብሏት የሰው ልጅ ልታሳድግ መጣች። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ የምናወራው ስለ ልጆች ነበር፤ ስለ ልጆቿና ስለ ተማሪዎቿ። ከተመለስኩ ወዲህም ስለ አገሯ ያገኘሁትን አነባለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አቃተኝ።

መጀመሪያ የደመወዙን ነገር ላንሳ። ከእኔ ይበልጥ ይከፈላት እንደነበር እውነት ነው። ማዳምም እንግሊዝኛዋን ትወደው ነበር፤ ልጆቹን የቤት ሥራ የምታሠራቸው እሷ ናት። ግን ሌላም ምክንያት አለ። የፊሊፒንስ መንግሥት ከ2006 ጀምሮ (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የቤት ሠራተኛ ዜጎቹ በወር ከ400 ዶላር በታች እንዳይቀጠሩ መነሻ ደመወዝ ቆርጦ ነበር። ኮንትራቱ ላይ ያ ቁጥር ከሌለ ወረቀቱ አያልፍም ነበር። በተግባር ከዚያ በታች የሚሰጣቸው አሠሪ አይጠፋም ነበር። ቢሆንም መከራከሪያ ነበራቸው። የእኔ ኮንትራት ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። በአረብኛ ነበር።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። እንግሊዝኛ ፊሊፒንስ የገባው ከአሜሪካ ቅኝ ግዛት ጋር ነው። በነሐሴ 1901 ቶማስ የምትባል የጦር ሠራዊት ማጓጓዣ መርከብ 500 ያህል አሜሪካውያን አስተማሪዎችን ጭና ማኒላ ደረሰች። በመርከቧ ስም ቶማሳይት ተባሉ። በየደሴቱ ተበትነው ማስተማር ጀመሩ፤ ከመጀመሪያው ቀን በእንግሊዝኛ። ፍርድ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም እያደር እንግሊዝኛ ሆነ። ይህ ከሆነ 120 ዓመት አልፎታል። አንድ የግል ትምህርት ቤት በአምስት ዓመት የሚደርስበት ነገር አይደለም።

ታዲያ ልጆቹስ? በ1925 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሞንሮ የመራው ቡድን ትምህርት ቤቶቹን ዞሮ መረመረ። አሜሪካኖቹ ራሳቸውን በራሳቸው ሲገመግሙ ማለት ነው። አብዛኛው ልጅ ከ4ኛ ክፍል ሳያልፍ እንደሚያቋርጥ አዩ። ትልቁ እንቅፋት ቤት ውስጥ የማይነገር ቋንቋ መሆኑንም ጻፉ። ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቀጠለ።

ጓደኛዬ የተማረችበትም መጽሐፍ «ኤ ፎር አፕል» ብሎ ነበር የሚጀምረው፤ የእኛም ልጆች እስከ ዛሬ የሚሉት ነው። ማንጎ ደጃቸው ላይ እየረገፈ አፕል ግን አይተው አያውቁም። ክፍል ውስጥ በአገሯ ቋንቋ ከተናገረች ደግሞ በአንድ ቃል ይህን ያህል ሳንቲም ትቀጣለች። ፊሊፒኖች እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ ሲከብዳቸው «አፍንጫዬ ደማ» ብለው ይቀልዳሉ። እንዲያ የሚያቀላጥፉት ፊሊፒኖች!

ጸሐፊው ያለፉት ዋናው ታሪክ ግን የፊሊፒንሷ አውራጃ የኢሎኢሎ ነው። የጓደኛዬ አገር ስለሆነ አይደለም የማነሳው (ትንሽ ግን ነው)። ከ1948 እስከ 1954 ኢሎኢሎ ላይ ሙከራ ተደረገ። የአውራጃው የትምህርት ኃላፊ ሆሴ አጊላር ነበሩ። አንዱን ወገን እንደተለመደው ከ1ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ አስተማሩት። ሌላውን ወገን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በሂሊጋይኖን፣ ማለትም በአካባቢው ቋንቋ፣ አስተምረው ከ3ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ አዞሩት። በአፍ መፍቻቸው የተማሩት በንባብም፣ በሒሳብም፣ በኅብረተሰብ ትምህርትም በለጡ። ገርሞኝ የቀረው ግን ሌላው ነው። ወደ እንግሊዝኛ በዞሩ ጊዜ ሁለት ዓመት የቀደሟቸውን ልጆች ብዙም ሳይቆዩ በእንግሊዝኛው ጭምር ደረሱባቸው። በ1957 መንግሥት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በየአካባቢው ቋንቋ ይሁኑ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወዲህ ወዲያ ነው። በ1974 እንግሊዝኛና ፊሊፒኖ ብቻ ይሁኑ ተባለ። ፊሊፒኖ የሚሉት ታጋሎግን መሠረት ያደረገውን ብሔራዊ ቋንቋ ነው። በ2009 እንደገና ወደ አፍ መፍቻ ተመለሱ። በ2012 በ12 ቋንቋዎች አገር አቀፍ አደረጉት፤ በዓመቱ 19 አደረሱት። በ2013 በወጣው ሕግ ደግሞ ትምህርታቸው ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ሆነ። ቀድሞ 10 ዓመት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ለአፍ መፍቻ ትምህርት የሚከራከሩትንም አላስደስታቸው ይሆናል። ነገሩ በወረቀት ላይ እንዳማረው መሬት ላይ አላማረም። የጓደኛዬ ትምህርት ቤት ከከተማው ወጣ ያለ ገጠር ነው። እዚያ ሰዉ በቤቱ የሚናገረው ኪናራይአ ነው። መጽሐፉ የመጣላት ግን በሂሊጋይኖን ነው፤ ከ12ቱ ውስጥ ቀድሞ የገባው እሱ ነበርና። ኪናራይአ በኋላ ከ19ኙ ውስጥ ገባ። እሷ እስክትወጣ ድረስ ግን መጽሐፉን አላየችውም። የሒሳብ ቃላቱን እሷ ራሷ አታውቃቸውም ነበር። መደመር፣ ማካፈል፣ ሁሉንም የተማረችው በእንግሊዝኛ ነዋ! ማታ እናቷን እየጠየቀች ጠዋት ታስተምራለች። እናቷም አንዳንዱን አታውቀውም።

ደግሞ የእሷ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፊሊፒንስ መንግሥት የጥናት ተቋም 16 ሺህ ያህል ትምህርት ቤቶችን ጠይቆ ነበር። በቋንቋው የንባብ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ የአጻጻፍ ሥርዓቱን መሰነድ፣ ሰዋስው መጻፍ፣ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት፤ አራቱንም አሟልተናል ያሉት ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ዳቦው ሳይጋገር መሶቡ ቀረበ እንደማለት ነው። በጥቅምት 2024 አዲስ ሕግ ወጣና የአፍ መፍቻ ማስተማሪያነቱ ቀረ። ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ ተመለሱ፤ የአካባቢው ቋንቋዎች ረዳት ብቻ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርሙበት ጊዜው አልፎ ነው ሕግ የሆነው። ይህም ስንት ነገር ይናገራል።

ውጤታቸውንም ጸሐፊው ቢያዩት ጥሩ ነበር። በ2018 ፒሳ በተባለው የ15 ዓመት ልጆች ዓለም አቀፍ ፈተና ፊሊፒንስ በንባብ 340 አምጥታ ከ79 ተፈታኝ አገሮችና ግዛቶች መጨረሻ ሆነች። በ2022 ንባቡ 347፣ ሒሳቡ 355 ነበር፤ አሁንም ከግርጌ። ፈተናውን የወሰዱት በእንግሊዝኛ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። በመካከሉ ኮቪድ አለ። ከመጋቢት 2020 የተዘጋው ክፍል በስፋት የተከፈተው በነሐሴ 2022 ነው። ያኔ ትምህርቱ በታተመ ወረቀት ቤት ድረስ ይላክ ነበር። ጓደኛዬ ከአልጋው ላይ ሆና በቪዲዮ የልጇን ወረቀት ስታሠራ እኔ ከታች እሰማታለሁ። አንዳንዴ ድካም ሲጥላት መልሱን ራሷ ትነግረዋለች። ማን ይፈርድባታል?

ጓደኛዬ ስለ ተማሪዎቿ የነገረችኝ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ሁለተኛ ክፍል ስትረከባቸው እንግሊዝኛውን ከሰሌዳ አሳምረው ይገለብጣሉ። ጽሕፈታቸው የሚያስቀና ነው። የገለበጣችሁትን አንብቡ ስትላቸው ግን ዝም። ገልባጭ ተማሪ እኛም አገር ሞልቷል። በ2014 ዓ.ም. (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ያለፉት 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም አንረሳውም።

ከፊሊፒኖች እንቅዳ ከተባለ የሚቀዳ አለ። በየዓመቱ ትምህርት ሳይከፈት ወላጁም ሰፈርተኛውም ወጥቶ ትምህርት ቤቱን ያጸዳል፣ ይቀባል፣ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ብሪጋዳ እስክዌላ ይሉታል፤ በእኛ ደቦ ነው። ካቪቴ ከተማ ደግሞ ኤፍሬን ፔንያፍሎሪዳ የሚባል ወጣት ነበረ። ከጓደኞቹ ጋር በእጅ የሚገፋ ጋሪ ላይ መጽሐፍ፣ እርሳስና ወንበር ጭኖ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ያሉበት ድረስ ይሄዳል፤ መቃብር ስፍራም፣ ቆሻሻ መጣያም። በ2009 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሞታል። ስለ እንግሊዝኛው ከምንቀና በዚህ ብንቀና ምን አለበት።

እኔ እንግሊዝኛ ይቅር አላልኩም። ልጄ እንዲያቀላጥፈው እፈልጋለሁ። አለማወቅ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና። ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ሰው ማነው? የት ሠለጠነ? ልጁ ካልገባው በምን ቋንቋ ይጠይቀው?

የጥያቄዬ ምክንያት ቅርብ ነው። ልጄ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው። ባለፈው ሳምንት 10 ብር ተቀጥቶ መጣ። ምን ብለህ ነው ብለው፣ «ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ