ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ለጦማሪያን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በየከተማችን ፌስቡክ ላይ የሚጽፍ፣ የቴሌግራም ቻናል ያለው፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። አንድ ሠፈር እየኖሩ በኮሜንት ብቻ የሚተዋወቁ፣ በኮሜንት ብቻ የሚጣሉም ብዙ ናቸው። እንገናኝ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው አዳራሽ፣ ባነር፣ የክብር እንግዳና የምስክር ወረቀት ነው። እንዲህ ያለው ዝግጅት አንድ ቀን ደምቆ ይውላል፤ በሁለተኛው ወር ግን የሚጠራው የለም። አዘጋጆቹ ደክመዋል፣ ገንዘቡ አልቋል፣ የመጣውም ሰው ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል እንጂ ጽሑፉ አልተሻሻለለትም። እኛ የምንለው 15 ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ 3 ረቂቅ፣ 3 ሰዓት፣ በየወሩ በማይለወጥ ቀን ነው። ጽዋ ማኅበርና ዕቁብ ዘመን የተሻገሩት ቀናቸው ስለማይዛነፍና ተራው ስለሚዞር ነው፤ ለጦማሪያንም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ከቀኑ እንጀምር፤ ብዙ ስብሰባ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። «በወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ» ብሎ መጥራት ግልጽ ይመስላል፤ ግን በየትኛው ወር? ጥቅምት 2018ን እንውሰድ። በእኛ አቆጣጠር ሁለተኛው ቅዳሜ ጥቅምት 8 ነው። ስልኩ ላይ «በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ» ብሎ ማስታወሻ የሞላ ሰው ግን ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ኦክቶበር 11፣ ማለትም ጥቅምት 1፣ ላይ መጥቶ በር ይቆማል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ «8 ሰዓት» የሚለውን አንዱ ከምሳ በኋላ፣ ሌላው ጧት ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ጥሪው ሁልጊዜ ሁለቱንም ይያዝ፦ «ቅዳሜ ጥቅምት 8 (ኦክቶበር 18)፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ በፈረንጅ ከቀትር በኋላ ከ2፡00 እስከ 5፡00»። ጥሪው ከ10 ቀን በፊት አንዴ፣ ሐሙስ ማታ አንዴ፣ በዕለቱ ጧት ደግሞ ከቦታው አቅጣጫ ጋር አንዴ ይላክ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ድምፁን ይዘጋዋል።

ቅዳሜ ከሰዓትን የመረጥነው በምክንያት ነው። እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከሰዓት በኋላ ዕድርና ማኅበር ይደራረባል። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው። 11 ሰዓት ላይ መጨረስ ደግሞ ግዴታ ነው እንላለን፤ ሲመሽ ታክሲ ይጠፋል፣ በተለይ ሴቶች በሁለተኛው ወር መምጣት ያቆማሉ። ሴቶቹ የቀሩበትን ምክንያት በሌላ ነገር ከመፈለግ በፊት ስብሰባው ስንት ሰዓት እንዳበቃ ማየት ይገባል። በጾም ወራት የሚቀርበው የቡና ቁርስ የጾም ይሁን፤ በረመዳን ደግሞ ሰዓቱን ወደ ጧት ማምጣት ወይም ቡናውን መተው ይሻላል።

ቦታው ጸጥ ያለ፣ ሙዚቃ የማይከፈትበት፣ ቢቻል ደረጃ የሌለው ይሁን። ካፌ ውስጥ ከሆነ ባለቤቱን ቀድሞ አነጋግሮ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር እንደሚያዝ መተማመን ያስፈልጋል፤ 15 ሰው በአንድ ስኒ ማኪያቶ 3 ሰዓት ወንበር ቢይዝበት በሚቀጥለው ወር አይቀበልም። ባለ 5 ቀዳዳ ኤክስቴንሽን ሁለት ይበቃል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሁሉም ስልኩን ሞልቶ ይምጣ። በካፌው ዋይፋይ መተማመን አይገባም። የ1 ደቂቃ ቪዲዮ በ1080 ጥራት ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይመዝናል፤ 15 ሰው አንድ አንድ ልጫን ቢል እስከ 2 ጊጋባይት መድረሱ ነውና መስመሩ ወዲያው ይታነቃል። የሚታየው ቪዲዮ ከቤት ስልክ ላይ ተጭኖ ይምጣ፤ ጽሑፉም ታትሞ። ለሁለት ሰው አንድ ቅጂ ከታሰበ፣ ባለ 2 ገጽ ረቂቅ ሦስት ቢቀርብ በድምሩ 48 ገጽ ነው፤ ወጪው ለሁሉም ሲካፈል ከቡናው ያንሳል።

ሦስቱ ሰዓት እንዲህ ይከፈላል። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ለቡናና ለመተዋወቅ፤ እያንዳንዱ ስሙን (የብዕር ስም ያለው የብዕር ስሙን) እና ምን ላይ እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ረቂቅ 35 ደቂቃ፣ በመካከል 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ለአካውንት ጥገና፣ የመጨረሻው 10 ደቂቃ የሚቀጥለውን ወር ስብሰባ የሚመራውን ተረኛ ለመወሰን። ረቂቁን ባለቤቱ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ አፍ የሚያደናቅፈው ቦታ ዓይንንም ያደናቅፋል። ካነበበ በኋላ 15 ደቂቃ ዝም ይበል። ይህ ከሁሉ የከበደው ሕግ ነው፤ ጸሐፊው «እኔ ለማለት የፈለግኩት» ብሎ ሲጀምር ውይይቱ ወደ ክርክር ይዞራል፣ አንባቢ የት ላይ እንደሰለቸው ሳይነገረው ይቀራል። አስተያየት ሰጪም «ጥሩ ነው» አይበል፤ ማንበብ ያቆመበትን መስመር በጣቱ ያሳይ። ቪዲዮ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይታይ፣ መጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ። ያለ ድምፅ የማይገባ ከሆነ ታክሲ ውስጥ ለሚያየው ሰውም አይገባውም።

አማርኛ ላይ የሚገኝ አንድ ችግር አለ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ቶሎ ይገባል። ሁሉም ስልኩን ያውጣና ረጅም ጽሑፍ ባለበት ገጽ ላይ «ዓባይ» ብሎ ይፈልግ፤ ቀጥሎ «አባይ» ብሎ። ውጤቱ ይለያያል። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ዐ እና አ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ በኮምፒውተር ዘንድ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ብቻውን «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሀይ» ተብሎም ስለሚጻፍ አንድ ጸሐፊ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲያቀላቅል ራሱ የጻፈውን ራሱ አያገኘውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዱን አጻጻፍ መርጦ በርእስና በጽሑፉ ሁሉ መጽናት፣ ሌላውን የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ማስገባት። በድሮ ፎንት የተጻፈ ማስታወሻ ያለውም ሰው እዚሁ ይምጣበት። ግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተተየበ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናልና እንደገና መቀየር ወይም መተየብ አለበት።

የአካውንት ጥገናው 30 ደቂቃ አይዘለል። ብዙ ሰው የዓመታት ሥራውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ሌባው በወዳጅ ስም «በስህተት ወደ አንተ የተላከ ኮድ አለ፣ ላክልኝ» ይላል፤ ኮዱ ሲላክ ቴሌግራሙ ይወሰዳል። ስለዚህ እዚያው ተቀምጦ ወደ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ገብቶ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ማብራትና የመልሶ ማግኛ ኢሜይል ማስገባት ይገባል። ኢሜይሉን ያለፈ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲረሳ ለመለወጥ 7 ቀን ይጠብቃል። እዚያው የስልክ ቁጥርን ማን ያያል የሚለውን «ማንም» ላይ ማድረግ ነው፤ ያለዚያ በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ግሩፕ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ ሊታይበት ይችላል። የቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ማስተላለፍ የሚፈልግ ደግሞ ማረጋገጫውን ካበራ 7 ቀን ሊሞላው፣ በዚያ ስልክ ከገባም 24 ሰዓት ሊያልፈው እንደሚገባ ይወቅ። ብዙዎች ጭንቅ ሲመጣ ነው የሚሞክሩት፣ ያኔ አይሆንም። የፌስቡክ ገጽም ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ሁለት ሰዎች ይኑሩት፤ ብቸኛው አድሚን አካውንቱን ሲያጣ ገጹ አብሮ ይጠፋል።

ስለ ፎቶ ጥብቅ መሆን ያሻል። የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ሚያዝያ 2006 ላይ 6 የቡድኑ ጦማሪያንና 3 ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር አዋጁ ሲከሰሱ የመረጃ ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ጭምር በክሱ ተጠቅሶ ነበር። የተፈቱት ከፊሎቹ ሐምሌ 2007፣ ቀሪዎቹ ጥቅምት 2008 ነው። ስለዚህ ከስብሰባ የሚፈራ ጸሐፊ ሲገጥም «ምን ያስፈራሃል?» አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 እና 30 ሐሳብን የመግለጽና የመሰብሰብ መብትን ይዟል፤ የሰውን ፊት ያለ ፈቃዱ መለጠፍ ግን የማንም መብት አይደለም። በስም ካርዱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት አይነሣ፣ አረንጓዴ ያለበት ይነሣ። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሲላክ የተነሣበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ስለሚችል እንደ ተራ ፎቶ ይላክ። የስልክ ዝርዝሩን ሁለት ሰዎች ብቻ ይያዙት፤ ግን ይያዙት። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በቆዩበት ጊዜ እንደታየው በመተግበሪያ ብቻ የሚገናኝ ቡድን መተግበሪያው ሲዘጋ ይበተናል።

አንዱን ወር ደግሞ የሕግ ዕውቀት ያለው ሰው ተጋብዞ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ቢያስረዳ እንመክራለን። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ እንደሚከብድ ተከታይ በመቁጠር ላይ ያለ ወጣት ሊያውቀው ይገባል።

የሚያፈርሱ ነገሮች በዓይናችን ሥር ናቸው። ዋነኛው «ሰብስክራይብ አድርጉኝ፣ አደርጋለሁ» የሚለው ልውውጥ ነው፤ የማያዩት ተከታዮች የቪዲዮውን ቁጥር ይገድሉታል፣ ስብሰባውንም ገበያ ያደርጉታል። ሌላው ስፖንሰር ነው፤ ገንዘብ የሰጠ ንግግር ይፈልጋል፣ ንግግሩ የረቂቁን ሰዓት ይበላል። በፖለቲካ መጋጨትም አይቀርም፣ ለዚያ ተረኛው አንድ ቃል ብቻ ይበቃዋል፦ «ጽሑፉ ላይ»። ተረኛው በየወሩ ይለወጥ። ከ20 ሰው በላይ ሲመጣ ክፍሉን ማስፋት ስህተት ነው፤ በሁለት ጠረጴዛ መከፈል ነው የሚገባው። 40 ሰው «እመጣለሁ» ቢልም ወንበር ለ20 ከታሰበ ይበቃል።

ውጭ ያሉ ወገኖች በስልክ ሊገቡ ከፈለጉ ሰዓቱን አስቡት፤ አዲስ አበባ 8 ሰዓት ሲሆን ዱባይ 9 ሰዓት ነው፣ ዋሽንግተን ግን በበጋቸው ጧት 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው ንጋት 12 ሰዓት ነው። የሚገባው አንድ ሰው ይሁን፣ እሱም ረቂቅ ያለው።

አሁን ጥያቄያችንን እናቅርብ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የየወረዳው የወጣት ማዕከላት በወር አንድ ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት አንድ ክፍል ይክፈቱ። 20 ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሶኬት ይበቃል፤ ድምፅ ማጉያም ፕሮጀክተርም አያስፈልግም። ጋዜጣችሁ ደግሞ በማስታወቂያ ገጹ ጥግ ላይ የከተማውን ስም፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠርና ሰዓቱን የሚይዝ ሁለት መስመር በነፃ ይስጠን። የጥቅምቱን ጥሪ ከመስከረም መጨረሻ በፊት አዘጋጅተን እናደርሳለን።

የዘወትር አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ