ልጆቹን ፓርክ ከወሰድናቸው እናስተምራቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ተማሪዎችን ብሔራዊ ፓርክ መውሰድ ጥሩ አይደለም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መምህሩም፣ ወላጁም፣ የፓርኩ ኃላፊም በዚህ ይስማማሉ። ችግሩ የሚጀምረው አውቶቡሱ ፓርኩ በር ላይ ሲቆም ነው። ልጆቹ ከወረዱ በኋላ ምን ይሠራሉ የሚለው ብዙ ጊዜ አይታሰብበትም። የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ልጆች ይዤ በተደጋጋሚ ሄጃለሁ፣ ከንቱ የቀረ ጉብኝትም የሠመረ ጉብኝትም አይቻለሁ። የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ከንቱ የቀረውን ላስቀድም። ሦስት አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ይዘን ነበር። መንገዱ ግማሽ ቀን በላ። ስንደርስ አስጎብኚው የፓርኩን ስፋት፣ የአጥቢ እንስሳቱንና የአዕዋፉን ብዛት በቃሉ ወረደው፤ ልጆቹም ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ከአንዱ አውቶቡስ ሙዚቃ ይጮኻል። በዚያ ጩኸት አካባቢው ላይ የሚቆይ እንስሳ አልነበረም። ፎቶ ተነሥተን ተመለስን። በሳምንቱ ክፍል ውስጥ "ምን አያችሁ?" ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ ያወሩልኝ ስለ መንገዱ ነው። በልጆቹ አልፈርድም፤ ያዘጋጀነው እኛ ነን።

ሌላ ጊዜ ሃያ ልጆች ብቻ ይዘን ሄድን። አብረውን የሚሄዱት የጥበቃ ሠራተኛ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው፣ መንገድ ዳር ቁጢጥ አሉና አንድ ነጭ ነገር በእንጨት ነካ አድርገው "ይኼ ምንድን ነው?" አሉ። ኖራ ነው ያለ ነበር፤ ድንጋይ ነው ያለም ነበር። የጅብ ኩስ ነው። ይህን ከነገሯቸው በኋላ ማብራሪያ አልጨመሩም፤ "ታዲያ ለምን ነጣ?" ብለው ዝም አሉ። ልጆቹ ተንበርክከው በእንጨት ፈረካከሱት። ፀጉር ወጣ፣ ቀጥሎ የአጥንት ስባሪ ወጣ። አንዱ ልጅ "አጥንት ስለበላ ነው!" ብሎ ጮኸ። ልክ ነበር። ጅብ አጥንት ሰባብሮ ስለሚበላ የአጥንቱ ካልሲየም ኩሱ ሲደርቅ ያነጣዋል። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ማን ያቁመው! ፀጉሩ የማን ነው? ጅቡ ራሱ ገድሎ ነው ወይስ የሌላ አዳኝ ትራፊ አግኝቶ? ጅብ ባይኖር ይህ ሁሉ አጥንት የት ይወድቅ ነበር? እዚያች አንድ ቦታ ላይ አርባ ደቂቃ ቆየን። በኋላ ክፍል ውስጥ ስለ ምግብ ሰንሰለት ሳስተምር ምሳሌውን የሚያመጡት እነሱ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ከቦታ ቦታ ከመሮጥ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ይሻላል የምለው። ልጁ ከቤቱ ሲነሣ አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣ። አስጎብኚውም የሚያውቀውን ሁሉ ለመናገር አይቸኩል።

ሌላም ነገር አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ተፈጥሮ ለሳይንስ መምህሩ፣ ታሪክ ደግሞ ለታሪክ መምህሩ ተከፍሏል። ፓርክ ስንሄድም ክፍፍሉን ይዘን እንሄዳለን፤ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት እናወራና ሰውን እንረሳዋለን። መሬቱ ግን እንዲህ ተከፍሎ አያውቅም።

የሞዛምቢኩን የጎሮንጎሳ ብሔራዊ ፓርክ ተመልከቱ። ከ1977 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ተዋጊዎች ዝሆኖቹን ለሥጋቸውና ለጥርሳቸው ሲሉ ፈጇቸው፤ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት አለቁ። ከሴት ዝሆኖች መካከል ሲፈጠሩ ጀምሮ ረጅሙ ጥርስ የማይወጣላቸው አሉ፤ አዳኙ የሚፈልገው የላቸውምና ከእነርሱ ብዙዎቹ ተረፉ። ከጦርነቱ በፊት ጥርስ አልባዎቹ ከአምስት አንድ አይሞሉም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ግማሽ ያህል ሆኑ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት ይህ ባሕርይ ከእናት ወደ ሴት ልጅ እንደሚወረስ አሳይቷል። ይህን ለልጆች የሚያስተምረው የትኛው መምህር ነው? የባዮሎጂው ወይስ የታሪኩ? ሰዎች ያደረጉት ጦርነት ከዓመታት በኋላ በተወለደች ግልገል ዝሆን አፍ ላይ ይነበባል። ይህን አንድ ጊዜ የገባው ልጅ የተፈጥሮ ምርጫን ትርጉም ለፈተና ሲል መሸምደድ አያስፈልገውም።

ወይም በዓለም የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የተባለውን የአሜሪካውን የሎውስቶን እንውሰድ። በ1872 እ.ኤ.አ. ሲከለል ሰው ያልነካው ምድር ተደርጎ ተወራለት። እዚያው ፓርክ ውስጥ ግን የባልጩት ገደል አለ፤ ሰዎች ከ11,000 ዓመት በላይ ድንጋዩን እየፈለጡ ስለትና የቀስት ጫፍ ሠርተውበታል። የዚያ ገደል ባልጩት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ኦሃዮ በጥንታውያን መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል። ከአንድ ጥቁር ድንጋይ ስለ እሳተ ገሞራ፣ ስለ ጥንት ንግድ፣ ኋላም ከገዛ መሬታቸው ስለተገፉት ነባር ሕዝቦች ማስተማር ይቻላል። የመጨረሻውን ከዘለልነው ለልጁ የምንነግረው ታሪክ ጎዶሎ ነው።

በኢትዮጵያው የስሜን ተራሮችም ነገሩ ያው ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ዓመታት የዋልያው ቁጥር አሳሳቢ ነበር፤ እርሻና ግጦሽ ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠግቶ ነበር፤ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ስለ ዋልያው የሚማር ተማሪ ስለ ሰዎቹም መስማት አለበት። የትኛው ልክ ነበር ብለን እንድንወስንለት አይደለም፤ ሁለቱንም ሰምቶ ራሱ ያስብበት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለዚህ ገና ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ፍትሕን በተመለከተ ከልጅ በላይ የሚጠይቅ የለም።

ማን ቅድሚያ ያግኝ ለሚለው መልሴ አንድ ነው፤ በፓርኩ አጥር ሥር የሚያድጉት ልጆች። ከሩቅ የመጣው ተማሪ አንድ ቀን አይቶ ይመለሳል። ጎረቤቱ ልጅ ግን ፓርኩን የሚያውቀው በክልከላውና ሰብል በሚያበላሽ እንስሳ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ጠባቂውም አጥፊውም ሊሆን የሚችለው ደግሞ እርሱ ነው። የኮስታ ሪካው የጓናካስቴ ጥብቅ አካባቢ የራሱ መምህራን አሉት፤ በዙሪያው ካሉ ትምህርት ቤቶች የአራተኛ፣ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጫካው ውስጥ ያስተምራሉ። ትምህርቱ የዓመቱ መጨረሻ ሽልማት አይደለም፣ ከሳይንስ ትምህርታቸው ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. የአራተኛ ክፍል ልጆች ከነቤተሰባቸው በነጻ እንዲገቡ ፈቀደች። ጥሩ ነው። ግን የመግቢያው ክፍያ ቢቀርም አውቶቡሱን የሚከፍልለት የሌለው ትምህርት ቤት ከቦታው አይነቃነቅም። በጀት የሚመድቡ ሰዎች ከመግቢያ ትኬቱ አስቀድመው መጓጓዣውን ቢያስቡት እላለሁ።

ፓርኩ የእንስሳት መጠለያ ነው፣ በልጆች ጫጫታ አይረበሽ የሚሉም እውነት አላቸው። ሦስት አውቶቡስ ይረብሻል። ሃያ ልጅ፣ ማዳመጥ የለመደ ከሆነ፣ አይረብሽም፤ መኪና ውስጥ ሳይቀሩ በእግር ሲሄዱ ደግሞ ዝም ማለትን ራሳቸው ይማሩታል።

ባለፈው በሄድንበት ጊዜ ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ሞላላ ጉድጓዶች አገኘን፤ መዳፍ የሚያህሉ፣ ውስጣቸው የለሰለሰ። ሽማግሌው የጥበቃ ሠራተኛ እህል ይፈጭባቸው እንደነበር ነገሩን። አንዲት ተማሪ እጇን ከተተችበትና ልስላሴውን እየዳበሰች፣ ይህን ያህል እስኪሰረጎድ ስንት ሰው ተንበርክኮ ፈጭቶበት ይሆን አለች። ቀጥላ "ታዲያ ለምን ሄዱ?" ብላ ጠየቀች። ድርቅ ይሆን፣ ጦርነት ይሆን፣ ፓርኩ ሲከለል ይሆን፤ እኔም ሽማግሌውም መልስ አልነበረንም። ጥያቄዋን ደብተሯ ላይ ከዓለቱ ሥዕል ሥር ጻፈችው። የሚቀጥለው ጉብኝታችን ከዚያው ዓለት ይጀምራል፤ የታሪክ መምህሩም አብሮን እንዲመጣ ከወዲሁ ነግሬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳይንስ መምህር